ሙቅ ውሃ ይዞ የመጣው ታንክ

ይሄ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም፣ በሕልሜም አይደለም። በሁለት እግሬ ቆሜ፣ በሁለት ዓይኔ ያየሁት ነው።

ጊዜው ጥር ወር፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ። ቦታው ከዶን ወንዝ ብዙም የማይርቅ የሩሲያ መንደር። ስሙን በቅጡ መጥራት የሚችል አንድም ሰው ከመሃላችን አልነበረም።

ጉም ነበር... እጅህን ብትዘረጋ ጣትህን የማታይበት ጉም።

ሩሲያን ስለወረረው ታንከኛ ክፍለ ጦራችን የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ አለ። የጄኔራሎች ፎቶ የሞላበት። ያቺ ጠዋት እዚያ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት። «አንድ ሾፌር አእምሮውን ስቶ በሠራው ሥራ የሻምበሉ ታንኮች ተጥለው ቀሩ» ትላለች።

ያ ሾፌር እኔ ነኝ። አልቪን እባላለሁ።

ዓረፍተ ነገሯን የጻፋት ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ጊስበርት ነው።

እሱ ይጻፍ እንጂ፣ እሱ ነው የተማረው። እኔን ከአራተኛ ክፍል አስወጥተው አባቴ የከሰል ጋሪ ላይ አስቀመጡኝ። ለሱ የትምህርት ቤት ቦርሳ ተገዛለት፣ ለኔ አለንጋ። ጦር ሠራዊት ስንገባም ያው ነው። እሱ የራሱን ታንክ የሚያዝ ሃምሳ አለቃ ሆነ፣ እኔ ሾፌር።

ባቡር ጣቢያ ስንሸኝ እናቴ ክንዴን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝና «ጊስበርትን ይዘኸው ና» አለችኝ።

«ተመለስ» አላለችኝም። «ይዘኸው ና» ነው ያለችኝ።

ይሁን። እሺ ብያት ነበር።

ያን ሰሞን እየሸሸን ነው። አለቆቻችን «መስመር ማስተካከል» ይሉታል፣ እኛ ግን መሸሽ መሆኑን እናውቃለን። አመሻሽ ላይ ያ መንደር ደረስን። ሩሲያ ተከትሎን ሲመጣ መጠለያ እንዳያገኝ ቤቶቹን አቃጥሉ ተባልን። አቃጠልን። ሴቱን፣ ሽማግሌውን፣ ሕፃኑን ወደ በረዶው አስወጥተን አቃጠልን።

እሳቱ ሲያልቅ ሌላ ትእዛዝ መጣ። እዚሁ እደሩ።

የት ነው የምናድረው? ቤቶቹን ያቃጠልነው እኛው ነን። ብረቱ ውስጥ ተኮራምተን አደርን። ከነዚያ ሜዳ ላይ ካወጣናቸው ሰዎች ስንቱ እንደነጋለት አላውቅም። የጠየቀም የለም።

ጠዋት ላይ አንድም ሞተር አልነሳ አለ።

እንደዚያ ባለ ብርድ ዘይቱ እንደ ሙጫ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ዘዴ ነበረን። ሞተሩ የሞቀ ታንክ ይመጣና ከቀዘቀዘው ጎን ይቆማል። ሁለት የውሃ ማስተላለፊያ ጎማ ይዘረጋል። በአንደኛው ጎማ የሱ ሙቅ ውሃ ወደ ቀዝቃዛው ራዲያተር ይገባል። በሌላኛው ቀዝቃዛው ውሃ ወደሱ ይሄዳል። መለዋወጥ ነው። የሞቀው ሞተሩን ያስነሳና በተራው ቀጥሎ ያለውን ያሞቃል።

እኛ «ማጥባት» ነበር የምንለው። ሙቁን ታንክ ደግሞ «እናቲቱ»።

«ኧረ እናቲቱ የት ቀረች? ልጆቿ አለቅን እኮ!» ይላል የሬዲዮ ሠራተኛችን ኦርትዊን። ይስላል፣ ይቀልዳል፣ ደግሞ ይስላል። ሌሊቱን ሙሉ በሳሉ ሲያስነሳን ነው ያደረው።

የሻለቃው ጦር ከምዕራብ በኩል ነው ያለው። ከዚያ አንድ ሙቅ ታንክ ይላክላችኋል ተብለን እየጠበቅን ነው። ከምሥራቅ የሩሲያ መድፍ ይሰማል። ታንኮቹ ካልተነሱ ቀርተናል ማለት ነው።

እኔ ውጭ ቆሜአለሁ። ለምን? ቅጣት።

የታንካችን አዛዥ መቶ አለቃ ብራከል ይባላል፣ የሀብታም ልጅ ነው። ያገኘሁትን የበግ ቆዳ ካፖርት ወሰደብኝ። «ለአዛዥ ነው የሚያስፈልገው» አለ። እኔም የማይባል ነገር አልኩት። ወዲያው ከመቀመጫዬ አስነሳኝና ተኳሹን ኩኖን አስቀመጠበት።

«ከዛሬ ጀምሮ ኩኖ ይነዳል። አንተ ውጭ ሁን፣ በረዶ ጥረግ። ብረቱን ብትነካ ወየውልህ!»

ኩኖ መንዳት አይችልም። ማርሽ ሲያስገባ ብረቱ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ነው የሚጮኸው። ግን ማን ይሰማኛል?

እና ያኔ... የሞተር ድምፅ ሰማን።

«መጣች!» አለ ጥይት አጉራሹ ቬይት ከውስጥ። «እናቲቱ መጣች!»

ድምፁ የመጣው ከምሥራቅ ነው።

ጉም ድምፅ ያሳስታል አልኩ ለራሴ።

ታንኩ ከጉሙ ወጣ። የኛው ዓይነት ነው፣ ጎኑ ላይ የተቀባው መስቀልም የኛው። ቁጥሩ ግን አይነበብም፣ ቀለሙ ተልጦ ጠቁሯል። ቀስ ብሎ መጥቶ ከጎናችን ቆመ። ሦስት ሰዎች ወረዱ፣ አንዱ ከላይ ቀረ።

ማናችሁ አላልናቸውም። ሙቅ ውሃ ይዞ ለመጣ ሰው ማን ማንነቱን ይጠይቃል?

መጀመሪያ ያየሁት በረዶውን ነው። የሞቀ ሞተር ላይ በረዶ አይቆይም፣ ይቀልጣል። የነሱ ሞተር ክዳን ላይ ግን አንድ ክንድ የሚሆን በረዶ ተቆልሏል።

ቀጥሎ እጃቸውን አየሁ።

ጓንት የለም። በባዶ እጅ ነው ብረቱን የሚይዙት። በዚያ ብርድ ብረት በባዶ እጅ የነካ ሰው ቆዳው እዚያው ይቀራል። የነሱ አልተጣበቀም።

ጎማውን ያመጣው ሰውዬ አጠገቤ ቆመ። ፊቱ ላይ ጥላሸት አለ፣ ሽፋሽፍቱ ላይ በረዶ።

«ውስጥ ስንት ናቸው?» አለኝ በቀስታ።

«አራት።»

«አንተስ?»

«እኔ ቅጣት ላይ ነኝ።»

አየኝ። ዓይኔን አይደለም የሚያየው... አፌን ነው።

«ግባ» አለኝ።

«አትግባ ተብያለሁ።»

«ይበርድሃል። ግባ...»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ ስናገር ከአፌ እንፋሎት ይወጣል። እሱ ሲናገር ምንም የለም።

ሌሎቹን አየሁ። እነሱም እንደዚያው። እየተነጋገሩ፣ እያነሱ፣ እየጎተቱ... ከአንዳቸውም አፍ ምንም አይወጣም።

ዞር አልኩ። ማንን እንደምፈልግ አላውቅም፣ ሰው ብቻ።

ከተቃጠለ ቤት የቀረ የጡብ ምድጃ ነበር። አንዲት አሮጊት ሕፃን ታቅፋ ተደግፋው ተቀምጣለች። ማታ ከዚያ ቤት ያስወጣናት ናት። ሰዎቹን እያየች ነው። ቀስ ብላ በአንድ እጇ የራሷን አፍ ያዘች። በሌላው የሕፃኑን።

አጥብቃ ያዘች። ጥይት የምትፈራ ሰው ራሷን ነው የምትሸፍነው። ይቺ አፏን ነው የሸፈነችው።

ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እኔም ሻርፔን ወደ ላይ ስቤ አፌን ሸፈንኩ።

ጎማው ተገጠመ። የነሱ ሞተር አጓራ። ውሃው መሄድ ጀመረ።

ጎማውን እንድይዝ ታዝዣለሁና ያዝኩት። በጓንት ሊያዝ የማይችል ትኩስ መሆን ነበረበት። አልነበረም። ለብ ያለ ነው... እንደ ሰው ብብት።

ጥቂት ቆየ።

«አህ...» አለ ሰውዬው።

ቀና ብዬ አየሁት። ከአፉ ቀጭን እንፋሎት ወጣ። ቀጥሎ ወፈር ያለ። ሽፋሽፍቱ ላይ ያለው በረዶ ቀልጦ በጉንጩ ወረደ። ሁለተኛውም «አህ» አለ። ሦስተኛውም። ያ ከላይ የቀረው ማልቀስ ጀመረ።

ሰውዬው እጁን ከብረቱ ላይ ሊያነሳ ሲል ተጣበቀበት። ሳበው። ቆዳው ተገሽልጦ ደሙ ወረደ።

ደሙን አይቶ... ሳቀ። እንደ ሕፃን ሳቀ።

«ያማል!» አለ ለጓደኞቹ። «ያማል እኮ!»

ጎማቸውን ነቅለው እዚያው ጣሉት፣ ዘለው ወጡ፣ ወደ ምዕራብ ነዱ። ወደ አገር ቤት በኩል። ጉሙ ውስጥ ከገቡ በኋላም ሲሳሳቁ ይሰማኝ ነበር።

የኛ ሞተር በአንዴ ተነሳ።

«ጎሽ!» ብዬ ልጮህ አልኩ። ግን ሻርፔን ከአፌ ላይ አላወረድኩም።

መቶ አለቃ ብራከል ከላይኛው ክዳን ወጣ። ካፖርቴን ለብሷል። ወረደ፣ አወለቀው፣ አጣጥፎ ሰጠኝ።

«እንካ አልቪን። አያስፈልገኝም።»

እዩልኝ እንግዲህ። ያ ሰው በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «አንተ ከሰል» ነበር የሚለኝ። በሸሚዝ ቆሟል፣ አይንቀጠቀጥም።

ኦርትዊን ከኋላው ወረደ። ፈገግ ብሏል። ሳሉ የለም።

«ሲጋራ አለህ?»

ሰጠሁት፣ ለኮስኩለት። በረጅሙ ሳበ። ጫፉ ቀላ።

ጭሱ ገባ።

አልወጣም።

ደግሞ ሳበ። ገባ... አልወጣም። እስኪያልቅ ሳበው። ፊት ለፊቴ ቆሞ ፈገግ እያለ ሲጋራውን ጨረሰ፣ አንድ ክር ጭስ እንኳን ከአፉም ከአፍንጫውም ሳይወጣ።

«ኦርትዊን... ምን ሆንክ?»

«ምን ሆንኩ? ደህና ነኝ» አለ። ከዚያ በጆሮዬ ሹክ አለኝ። «ብቻ አንድ ነገር ጎድሎኛል። ምን እንደሆነ ጠፋኝ።»

«ጎማውን አንሳ!» አለ ብራከል። «ቀጥሎ ወንድምህ ነው።»

ጎማውን አንስቼ ያዝኩ።

የጊስበርት ታንክ ከኛ ቀጥሎ ነው ያለው። ኩኖ ነድቶ አጠገቡ አቆመው። ማርሹ ጮኸ፣ ያው የኩኖ ነገር። ወንድሜ በላይኛው ክዳን በኩል ብቅ ብሎ በትንፋሹ እጁን ያሞቃል። ከአፉ እንፋሎት ይንቦለቦላል፣ ነፍስ ያለው ሰው ነው።

«ምነው ሾፌሩ እግረኛ ሆነ?» አለኝ። «ካፖርቱንም አስመለስክ? ጀግና! ጦርነቱን አሸነፍክ!»

ጎማውን ጥዬ ሮጥኩ።

«ጊስበርት፣ ውሃውን አትቀበል!»

«ምን?»

«አትቀበል ነው የምልህ! ሰዎቹ አይተነፍሱም!»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«የኛዎቹ! ኦርትዊንን እየው፣ አፉን እየው!»

ጊስበርት አንገቱን አስግጎ ጮኸ። «ኦርትዊን! ወንድሜ ትተነፍስ እንደሆነ ይጠይቃል!»

«ትንሽ ይጠብቀኝ፣ እተነፍሳለሁ!» አለ ኦርትዊን።

ሳቁ። የጊስበርት ሰዎች ሁሉ ሳቁ። እነሱ ሲስቁ እንፋሎት ነው፣ የኛዎቹ ሲስቁ ባዶ ነው። እንዴት አያዩትም? ከልጅነቴ ጀምሮ እኔ የምናገረውን ማን ሰምቶ ያውቃል!

«ሂድ ወዲያ፣ አታሰድበኝ» አለኝ ወንድሜ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አሁንም በኔ ቅናት?»

ቬይት ጎማውን ገጠመው። በባዶ እጁ።

ውሃው ሄደ።

እኔ የወንድሜን አፍ ብቻ ነው የማየው። ሰዎቹን እያዘዘ ነው። «ቶሎ በሉ፣ ዘይቱን...» ሲል እንፋሎቱ ወፍራም ነው። «ማብሪያውን...» ሲል ሳሳ። ቀጥሎ የተናገረው አልተሰማኝም። ከአፉ የሚወጣው እንደ ክር ቀጥኗል።

ብራከልን አየሁት። ከከንፈሩ ላይ አንዲት ትንሽ ጭጋግ ብቅ አለች።

«አህ...» አለ።

በየታንኩ ጎን መጥረቢያ ታስሮ አለ። ፈትቼ ያዝኩት። በሕይወቴ ስንት የከሰል ድንጋይ ፈልጫለሁ። አንዴ ሰነዘርኩ። ሁለቱም ጎማ ተቆረጠ።

ውሃው በረዶው ላይ ፈሰሰ። እየጨሰ ፈሰሰ... በረዶው ግን አልቀለጠም።

ጊስበርት ከወገቡ ታጠፈ። አሳለው፣ አሳለው፣ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ወጣው። ነጭ፣ ወፍራም። እግዜር ይመስገን አልኩ።

«አበድክ!» ብሎ ጮኸ። «አንተ የተረገምክ፣ ገደልከን እኮ!»

አራቱ ግን አልተቆጡም። ይበልጥ ያስፈራኝ አለመቆጣታቸው ነው። ብራከል፣ ኩኖ፣ ኦርትዊን፣ ቬይት... የተቆረጠውን ጎማ ዙሪያ ከበው ቆመው ቁልቁል አዩት።

«ገና አልጨረስንም ነበር» አለ ኦርትዊን።

አንድ በአንድ ታንኩ ውስጥ ገቡ። ዞሩ። ወደ ሜዳው፣ ወደ ጉሙ ነዱ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መጽሐፉም ይናገረዋል። ሌላ ጎማ አልነበረም። የሩሲያ መድፍ ተጠጋ። የሻምበል አዛዡ ከጉሙ ውስጥ «ታንኮቹን ጥላችሁ በእግር!» እያለ ጮኸ። ያ ሁሉ ብረት ተሰልፎ ቀረ።

ጊስበርት ሽጉጡን ጀርባዬ ላይ ተከለ።

«ሂድ ከፊቴ። ፍርድ ቤት ነው የማቀርብህ። እናቴ ትስማ።»

«ትስማ» አልኩት። «ይዘኸው ና ነው ያለችኝ፣ ይዤህ እየሄድኩ ነው።»

«ዝም በል!»

እንደዚያ ሆነን ሄድን። እኔ ከፊት፣ ሽጉጡ ከኋላዬ፣ የሱም የሌሎቹም ሰዎች ተበታትነው በረዶውን እየረገጡ። ጀርባዬ ላይ ትንፋሹ ይሰማኛል። በየእርምጃው ቆጥሬዋለሁ ብል አላጋነንኩም። አንዱ ሲዘገይ ልቤ ይቆማል። ቀጥሎ ሲመጣ እሄዳለሁ።

ከመንደሩ ራቅ እንዳልን ጉሙ ተገለጠ።

በስተግራችን ባዶ ሜዳ ነው። መሃሉ ላይ ታንካችን ቆሟል። ሞተሩ ይሠራል። ክዳኖቹ ሁሉ ተከፍተዋል።

አራቱ ውጭ ናቸው። በረዶው ላይ ጎን ለጎን በጀርባቸው ተኝተዋል፣ በሸሚዝ። አፋቸውን ወደ ሰማይ ከፍተዋል። በረዶ ይዘንባል፣ አፋቸው ውስጥ ይገባል... ሞልቶ ከከንፈራቸው በላይ ተቆልሏል።

አይንቀሳቀሱም።

ሽጉጡ ከጀርባዬ ተነሳ።

«አልቪን...» አለ ወንድሜ። ከስንት ዓመት በኋላ በስሜ መጥራቱ ነው። «ስንት ናቸው?»

«አራት።»

«ውስጥ የነበሩት ስንት ነበሩ?»

«አራት።»

«ታዲያ ሞተሩን ማን...»

አልጨረሰም። ታንኩ ተንቀሳቀሰ።

ቀስ ብሎ ተነሳ፣ የተኙትን አራቱን ሳይነካ ዞሮ አለፋቸው። ከዚያ ማርሽ ቀየረ። ሾፌር ነኝ፣ ጆሮዬ አይሳሳትም። ብረቱ አልጮኸም። ልስልስ ብሎ፣ እንደ ቅቤ ገባ። ደግሞ ቀየረ።

ፊቱን ወደኛ አዞረ።

ጊስበርት ክንዴን ጭምቅ አድርጎ ያዘኝ።

ከፊት በኩል፣ ከሾፌሩ መቀመጫ በላይ ያለው ክዳን እንደተከፈተ ነው። አንድ እጅ ከውስጥ ወጣ። ጓንት የለውም። ትንሽ ነው... የአዋቂ እጅ አይደለም፣ ማታ ወደ በረዶው ካስወጣናቸው ሕፃናት የአንዱን እጅ ያህል ነው።

ብረቱን ያዘ። ክዳኑን ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ ሳበና ዘጋው።